ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ

ይህን የምጽፈው ማንም ጠይቆኝ አይደለም። የሚያውቁኝ ሰዎች ጉዳዩን ረስተውልኛል፤ ወይም የረሱ መስለው ያልፉኛል፣ ይህኛው ደግሞ ይብሳል። በሥራ ዘመኔ አንድ ደንብ ነበረን፤ ስህተቱ በወጣበት ገጽ እርማቱም ይውጣ የሚል። የእኔ ስህተት ግን የወጣው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ የወረቀት ኩባያ በያዙ ስድስት ሰዎች ፊት ነው። ገጽ የለውም። ስለዚህ እርማቱን እዚህ አወጣዋለሁ።

ሠላሳ ዓመት ያህል ዜና ስጽፍ ኖሬአለሁ። ጎርፍ ዘግቤአለሁ፣ ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ፣ አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ የተወረወረ ወንበር በጆሮዬ አጠገብ ሲያልፍ የወንበሩን ቀለም መዝግቤአለሁ። ቡናማ ነበር። የምመካበት ነገር ቢኖር ሳላጣራ አለመጻፌ ነው። ባለቤቴ «አንተ እኮ ዝናብ መጣሉን ሁለት ሰው ካልነገረህ ጃንጥላ አትይዝም» ትለኛለች። በምኖርበት በሲያትል፣ ሌክ ሲቲ ሰፈር፣ ይህ ጠባይ ብዙ አበስብሶኛል።

የምሠራበት የዜና ጣቢያ ሲዘጋ፣ ሜዲኬር ለሚባለው የአረጋውያን ሕክምና ዕድሜዬ ገና ነበር። እዚህ አገር እንደ እኔ ያለ ሰው መሃል ላይ ይንጠለጠላል፤ ለሥራ ያረጀ፣ ለሜዲኬር ያልበሰለ። እስኪበስል ድረስ የጤና ኢንሹራንሱን ስቴቱ፣ ክልሉ እንደማለት ነው፣ ካዘጋጀው ገበያ ራሱ ይገዛል። የዓመት ገቢው ከአንድ መስመር በታች ከሆነ መንግሥት ከወርሃዊ ክፍያው ላይ ይደጉመዋል። ያለ ድጎማው ክፍያው ከቤት ኪራይ ጋር ይፎካከራል።

አሁን ጋሽ ለማን ላስተዋውቃችሁ። ሲያትል አጠገብ ባለችው ታኮማ፣ ወደብ ላይ ሃያ ምናምን ዓመት ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነድተው፣ ወገባቸው በቃኝ ሲላቸው ከጊዜያቸው ቀድመው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ሕፃናት መዋያ ይሠሩ ነበር። ልጅ ማንሳትና ማስቀመጥ ቀኝ ጉልበታቸውን ስለጨረሰው ኦክቶበር ላይ ሊቀየርላቸው ቀጠሮ ተይዟል። ሁለቱም እንደ እኔ በዚያው በሚደጎመው ኢንሹራንስ ይታከማሉ። በየእሁዱ ከታኮማ ድረስ ነድተው እኛ ዘንድ የሚያመልኩት ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ጋሽ ለማ «መዘምራኑ ጥሩ ናቸው» ይላሉ። እትዬ አስካለ ግን ምክንያቱ ከሻይ ጋር የሚቀርበው ሳምቡሳ ነው ባይ ናቸው።

ጁን ላይ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ጋሽ ለማ ሰው መሃል ጠየቁኝ።

«ጋዜጠኛው፣ እስቲ አንተ ታውቃለህ። የቤታችን ጣራ አልቋል። ከሪታየርመንቴ፣ ከጡረታ ቁጠባዬ ላይ፣ ለጣራው የሚሆን ባወጣ፣ የኢንሹራንስ ሰዎች እንደ ገቢ ይቆጥሩብኛል?»

ትክክለኛው መልስ «አላውቅም፤ አጣርቼ ልደውልልዎ» ነበር። አምስት ሰኮንድ የማይፈጅ መልስ ነው። ግን ስድስት ሰው ኩባያውን ከአፉ አውርዶ እያየኝ ነበር፤ ጣቢያው ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ ስድስት ሰው በአንዴ አዳምጦኝ አያውቅም።

«ምን ገቢ ይባላል ጋሽ ለማ!» አልኳቸው። «የራስዎ ገንዘብ እኮ ነው። ሠርተው ያስቀመጡት። ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ ማዛወር ገቢ አይባልም።»

ሰዎቹ ሳቁ። አንዱ ደገመው። ሌላው «ይሄ እንኳ መጻፍ አለበት» አለ። እኔም ሳምቡሳዬን ጨርሼ ሁለተኛ አነሳሁ። ስህተት ብዙ ጊዜ ከእውነት ይልቅ ለአፍ ይመቻል።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን የድሮው ልማዴ ይጎነትለኝ ጀመር። አንድ ወር ያህል ጎነተለኝ። በመጨረሻ፣ ሰው ከተናገረ በኋላም ቢሆን ማጣራት ይችላል ብዬ ስልክ አነሳሁ። መጀመሪያ ወደ ስቴቱ የመረጃ መስመር ደወልኩ። ሙዚቃ ከፈቱልኝ። ለሃያ ደቂቃ አዳመጥኩና ዘጋሁ። ከዚያ እኛ አበሾች መሥሪያ ቤት ሲያሰለቸን የምናደርገውን አደረግሁ፤ የሚያውቅ ሰው ጠየቅሁ።

የመጀመሪያው ምንጬ ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ያለው ወዳጄ ነው። «አይቆጠርም» አለኝ። እርግጠኛ መሆኑን ስጠይቀው «ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር እኮ ነው» አለ። ሁለተኛው ኤርፖርት የሚመላለስ ባለ ታክሲ ነው። «ኖ፣ ኖ፣ የራስህ ገንዘብ አይደለም እንዴ? ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። ሦስተኛዋን፣ አንዲት ነርስ፣ በሰው በሰው ነው ቁጥሯን ያገኘሁት። አታውቀኝም፤ አላውቃትም። እንዲህ ያለ ምንጭ ለጋዜጠኛ ወርቅ ነው።

«ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ ማዛወር ገቢ አይባልም» አለችኝ።

ቃል በቃል። ሊያስደነግጠኝ ሲገባ ደስ አለኝ። ሦስት ምንጭ፣ በተለያየ ሥራ፣ በተለያየ ሰፈር፤ እኔ በሁለት ምንጭ ሚኒስትር ከሥልጣን መውረዱን ዘግቤ አውቃለሁ። አመስግኜ ልዘጋ ስል፣ እንዲያው ለደንቡ ያህል፣ ከማን እንደሰማች ጠየቅኳት።

«እኔንጃ፣ አንድ ጋዜጠኛ አለ አሉ፤ ሌክ ሲቲ የሚኖር። ሳያጣራ አይናገርም ይባላል።»

ስልኩን ዘግቼ ውኃ ጠጣሁ። ሌክ ሲቲ ውስጥ የሚኖር ሌላ ጋዜጠኛ ሊኖር ይችል እንደሆነ ጥቂት አሰብኩ። ከዚያ ወደ ሁለቱ መልሼ ደወልኩ። ባለ ምግብ ቤቱ የሰማው ከባለ ታክሲው፣ ባለ ታክሲው የሰማው ከቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን፣ ዲያቆኑ ደግሞ ኩባያ ይዘው ከነበሩት ስድስቱ አንዱ ናቸው። አንድን ወሬ በሦስት ምንጭ አጣርቼ ሦስቱም እኔ ነበርኩ።

ሌክ ሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ረቡዕ ረቡዕ ስለ ኢንሹራንስ በነፃ የምታማክር ሰናይት የምትባል ወጣት አለች። ቤተሰቦቿ ከኤርትራ ናቸው፣ ያደገችው አዲስ አበባ ነው፣ ትዕግሥቷን ግን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ያገኘሁት ቀጠሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። እስከዚያ ጋሽ ለማ ያኔውኑ ለጣራው የሚበቃውን በሙሉ ከሥራ ቁጠባቸው እንዳወጡ ከዲያቆኑ ሰማሁ።

«ጥያቄው የአንድ ወዳጄ ነው» አልኳት ስቀመጥ።

«ኦኬ» አለች፣ ቀና ሳትል። «እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ወዳጅ አለው።»

«የእኔ እውነተኛ ነው።»

«ችግር የለም ጋሼ። ወዳጅዎ ገንዘቡን ያወጡት ከየትኛው አካውንት ነው? ታክስ ሳይከፈልበት ከገባው?»

«ከሥራቸው፣ ታክስ ሳይነካው በየደሞዙ ሲቆረጥ ከነበረው።»

«ሶ፣ ያ ሲወጣ ገቢ ነው። ሲገባ ታክስ አልተከፈለበትማ። ታክስ ተከፍሎበት የሚጠራቀም ሌላ ዓይነት አለ፤ እሱ ደንቡን ጠብቆ ሲወጣ አይቆጠርም። የእርስዎ… የወዳጅዎ ግን ይቆጠራል። ስንት ነው ያወጡት?»

«ለአንድ ጣራ የሚበቃ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሙሉውን ዘንድሮ?»

ሙሉውን ዘንድሮ መሆኑን ነገርኳት። ሰናይትም ነገሩን ለሕፃን እንደሚያስረዱት አስረዳችኝ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት መስመሩን ለሚያልፍ ሰው ድጎማው ቀስ በቀስ ነበር የሚቀንሰው። ያ ጊዜያዊ ሕግ አብቅቷል። አሁን መስመሩ ገደል ነው፤ በአንድ ዶላር ያለፈው ሁሉንም ያጣል። ከእንግዲህ የሚከፍለው ሙሉውን ብቻ አይደለም፣ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የተደጎመውንም ታክስ ሲሠራ መልስ ይባላል።

«መክፈል ካልቻሉስ?»

«ኢንሹራንሱ ይቋረጣል። ሕክምና ምናምን አላቸው እንዴ ቀጠሮ?»

የእትዬ አስካለ ጉልበት ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። «አንድ ጉልበት አለ» አልኳት።

መውጫው አንድ ነበር። ገንዘቡ ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ በስድሳ ቀን ውስጥ ሙሉው ወደ ጡረታ አካውንት ከተመለሰ እንዳልወጣ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ለጣራው ጥቂት ዘንድሮ፣ የቀረውን በጃንዋሪ ማውጣት፤ ሁለት ዓመት ላይ ሲከፋፈል መስመሩን አያልፍም። ችግሩ፣ ሲያወጡ አንድ አምስተኛው ለታክስ ተቆርጦ ነው የደረሳቸው። ሙሉውን ለመመለስ ያንን አንድ አምስተኛ ከሌላ ቦታ መሙላት አለባቸው፤ መንግሥት የሚመልስላቸው ታክስ ሲሠሩ ነው።

«ጋሼ፣ ሳልጠይቅዎ» አለች ስነሳ፣ «ማነው እንዲህ ብሎ የመከራቸው?»

«አንድ ጋዜጠኛ።»

«ወይ ጋዜጠኛ!» አለች ራሷን እየነቀነቀች። «ዩቲዩብ ላይ ነው?»

«ዩቲዩብ እንኳ የለውም» አልኳትና ወጣሁ።

ከመኪናዬ ውስጥ ሆኜ ጋሽ ለማ ጋ ደወልኩ።

«አንተ! ዕድሜህ ይርዘም! ልደውልልህ ነበር እኮ። አስካለ ‹ያንን ልጅ ምሳ ሳናበላው› እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ገንዘቡ ባንክ ገባ፣ ጣራ ሠሪውም ለሴፕቴምበር ተቀጠረ። ቅዳሜ ና።»

«ጋሽ ለማ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር…»

«ስትመጣ ትነግረኛለህ። በስልክ ምን ይባላል?»

በስልክ ብዙ ነገር ይባላል። እኔ ግን በስልክ አለማለቴ ደስ አሰኘኝ፤ ይህንንም ሳልደብቅ ልጻፈው። ሦስት ቀን ተጨማሪ ጊዜ ያገኘሁ መሰለኝ፤ የእነሱ ስድሳ ቀን ግን እየቆጠረ ነበር።

ቅዳሜ ታኮማ ስደርስ ዶሮ ወጥ ተሠርቷል። የተጋበዝኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጋሽ ለማ ቆመው ጸለዩ፤ ጸሎታቸው እንደ ወገባቸው አይደለም፣ ብዙ ይሸከማል። ልጆቻቸውን፣ ወደቡን፣ የአገሩን መሪዎች ካዳረሱ በኋላ «በዚህ ወንድማችን አፍ ምክር ስለሰጠኸን እናመሰግንሃለን» አሉ። እትዬ አስካለ «አሜን» አሉ። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቁኝ ነበር። «አሜን» አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርሜአለሁ፣ እንደዚያ የከበደኝ የለም።

ከዚያ እርማቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። አበሻ ቤት በማዕድ ላይ አፍን መክፈት ምን እንደሚያስከትል ልነግራችሁ አይገባም። «ጋሽ ለማ፣ ስለ ገንዘቡ…» ስል እትዬ አስካለ የጡጫ ያህል ጉርሻ ከተቱበት። ታግዬ ዋጥኩት። «ማለቴ፣ ያን ዕለት የነገርኩዎ…» ስል ጋሽ ለማ «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙኝ። ሦስተኛው እንቁላል ነበረበት። ሠላሳ ዓመት ዜና ስጽፍ ሳንሱር አጋጥሞኛል፣ እንዲህ የጣፈጠ ግን አላጋጠመኝም። አምስተኛው ሲመጣ በሁለት እጄ አፌን ሸፈንኩ።

«ምነው ልጄ፣ አመመህ?» አሉ እትዬ አስካለ፣ ጉርሻውን እንደያዙ።

«ተሳስቼ ነው» አልኩ። «ገንዘቡ ገቢ ነው። ይቆጠራል። ሳላጣራ ነው የነገርኳችሁ። ካልተመለሰ ድጎማው ይቀራል።»

አየር ላይ የቀረ ጉርሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደና ወደ ትሪው ተመለሰ። በአገራችን ሕግ ይህን የሚያህል ፍርድ ያለ አይመስለኝም።

«ጉልበቴስ?» አሉ እትዬ አስካለ።

ጋሽ ለማ እጃቸውን በናፕኪን ጠረጉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ሰው መሃል አፋጥጬ ጠየቅኩህ። ምን ታደርግ?»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የሰናይትን መፍትሔ ከወረቀት ላይ አነበብኩላቸው። ጣራ ሠሪው ገና ስላልተከፈለው የደረሳቸው ገንዘብ ባንክ አለ። ስድሳው ቀን ሊሞላ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። የሚጎድለው ለታክስ የተቆረጠው አንድ አምስተኛ ብቻ ነው፤ እነሱ ግን የላቸውም። «እሱን እኔ እሞላዋለሁ» አልኩ። ጋሽ ለማ በተቀመጡበት ቀና አሉ።

«በፍጹም! እንግዳዬን አብልቼ ላስከፍል?»

ሰኞ ጠዋት ባንካቸው በር ላይ ተገናኘን። እኔ ካለችኝ ቁጠባ ቼክ አሠርቼ መጥቻለሁ። እትዬ አስካለ ጉልበታቸው ስላመማቸው መኪና ውስጥ ቀሩ። ጋሽ ለማና እኔ ገብተን ተሰለፍን፤ ተራችን ሲደርስ ቼኩን በእጃቸው አስያዝኳቸው።

«አልቀበልም አልኩህ።»

«ጋሽ ለማ፣ ስለ እግዚአብሔር።»

«ስለ እግዚአብሔር አንተ ተው!»

ቼኩን በኮታቸው ኪስ ከተትኩ። አወጡና በእኔ ኪስ ከተቱ። ክንዳቸውን ይዤ መልሼ ከተትኩ። «ኖ! ኖ!» አሉ ጮክ ብለው። እኛ ይህን ትግል ምግብ ቤት ሂሳብ ሲመጣ በየሳምንቱ እንታገለዋለን፤ አሸናፊው ይከፍላል፣ ተሸናፊው ያኮርፋል፣ አስተናጋጁም ለምዶታል። ገንዘብ ቆጣሪዋ ግን አልለመደችውም። እሷ ያየችው አንድ ጎልማሳ አንድን ሽማግሌ አንቆ ኪሳቸው ውስጥ ቼክ ሲወትፍ ነው። አለቃዋን ጠራች።

አለቃው ጋሽ ለማን ወደ መስታወት ክፍል ወሰዳቸው። እኔን አንድ ጥበቃ በር አጠገብ አስቀመጠኝ። የተባለውን ጋሽ ለማ በኋላ ነገሩኝ።

«ይህን ሰው ያውቁታል?» አለ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በደንብ!»

«ከጡረታ ቁጠባዎ ገንዘብ እንዲያወጡ የነገረዎት እሱ ነው?»

ጋሽ ለማ ሲዋሹ አይተናቸው አናውቅም። «አዎ፣ እሱ ነው። አሁን ደግሞ መልሱ የሚለኝ እሱ ነው።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ጋዜጠኛ ነበር። አሁን ሥራ የለውም።»

እውነቱ እንዲህ በቅደም ተከተል ሲቀመጥ እኔም ራሴን እጠረጥር ነበር። አለቃው ጉዳዩ እስኪጣራ የጋሽ ለማን ሒሳብ እንደሚያግድ ነገራቸው። ማጣራቱ ስንት ቀን ይፈጃል ቢሉት «ጥቂት የሥራ ቀናት» አለ። እኛ የቀረን ሰባት ቀን ነው፤ ሁለቱ ቅዳሜና እሁድ። ሕይወቴን ሙሉ ሰዎች እንዲያጣሩ ስለምን ኖሬ፣ የሚያጣራ ሰው ሳገኝ እንዳያጣራ እጸልይ ጀመር።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ፤ እትዬ አስካለ ናቸው። መዘግየታችን አስጨንቋቸው ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በአንድ እግር እያነከሱ ገቡ። ወደ መስታወቱ ክፍል አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ጥበቃው አዩ። እትዬ አስካለ እንግሊዝኛውን የተማሩት ከሦስት ዓመት ሕፃናት ጋር ነው። ስለዚህ የሚያውቁት በትዕዛዝ አንቀጽ ብቻ ነው።

«ሲት ዳውን!» አሉ። «ኤቭሪባዲ!»

ሁሉም ተቀመጠ። አለቃው ጭምር። ጥበቃው ወንበር ስላጣ ተንበረከከ።

እትዬ አስካለ ስልካቸውን አውጥተው፣ ቅዳሜ ከእኔ ወረቀት ላይ የገለበጡትን የሰናይትን ቁጥር ደወሉና በስፒከር ለአለቃው አቀበሉት። ሰናይት በጥሩ እንግሊዝኛ ስታስረዳው የሰውየው ፊት ቀስ በቀስ ተፈታ። እግዱንም ተወው። ከዚያ እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጣ።»

ቼኩን ሰጠኋቸው።

«አስኩ፣ የሰው ገንዘብ እኮ ነው…» አሉ ጋሽ ለማ።

«ዝም በል አንተ። ይሄ ስጦታ መሰለህ? ቅጣቱ ነው። ስጦታ ላይ እንጂ ቅጣት ላይ ማን ይግደረደራል? ታክሱ ሲመለስ እንመልስለታለን።» ከዚያ ለእኔ፣ ሳያዩኝ፦ «እሁድ ደግሞ ቆመህ ትናገራለህ። አጭር አድርገው።»

ከቅዳሜ ወዲህ እንደዚያ የቀለለኝ ጊዜ የለም። ገንዘቡ ያን ዕለት ተመለሰ።

እሁድ በማስታወቂያ ሰዓት መድረክ ላይ ወጣሁ። «ወገኖቼ፣ ከጡረታ የሚወጣ ገንዘብ አይቆጠርም ያልኩት ስህተት ነው» አልኩ። ጉባኤው ከልማዱ «አሜን!» አለ። «ሳላጣራ ነው የተናገርኩት!» «አሜን!» «ከማውጣታችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ እኔን ግን አትጠይቁ!» አንዲት እናት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው «ሃሌ ሉያ!» አሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በሃሌ ሉያ የታተመ እርማቴ ይህ ብቻ ነው። ስወርድ ሁለት ሰዎች ክንዴን ይዘው፣ እነሱም የጡረታ ገንዘባቸውን ሊያወጡ ፎርም ሞልተው እንደነበር በጆሮዬ ነገሩኝ። ከእነሱ በፊት ያወጡ ቢኖሩስ? እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የእትዬ አስካለ ጉልበት ኦክቶበር ላይ ተቀየረ፤ ኢንሹራንሱ ከፈለ። ለጣራው ዘንድሮ ሊወጣ የሚችለው ለአንድ ጎኑ ብቻ ስለበቃ፣ ሌላው ጎን ጃንዋሪን እየጠበቀ ሰማያዊ ፕላስቲክ ለብሷል። ፕላስቲኩን ወጥቼ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ያፈሳል።

በዘነበ ቁጥር ጋሽ ለማ ይደውሉልኛል። በዚህ ወቅት ታኮማ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚዘንብ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«አንተ፣ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው» አሉኝ ትናንት። «ብዙም አይደል። አንድ ባልዲ ብቻ ነው።»

ከኋላቸው የእትዬ አስካለ እርምጃ ይሰማኝ ነበር፤ ባልዲ ይዘው ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ፣ ደፍተው ሲመለሱ። ፈጣን፣ እኩል እርምጃ ነው፣ አንዱ እግር ሌላውን አይጠብቅም። ጋሽ ለማ የሚሉትን ትቼ እሱን አዳመጥኩ።

«ምን አንድ ትለዋለህ!» ብለው ጮኹ እትዬ አስካለ ከወዲያ። «ሦስት ነው በለው! ለጋዜጠኛ ትክክሉን ንገረው!»